እጅ የሚያምነው እንጨት

ሰው ደረጃ ሲወጣ፣ ድልድይ ሲሻገር ወይም ከጀልባ ሲወርድ ዓይኑ እግሩ የሚያርፍበትን ሲመለከት፣ እጁ ደግሞ መደገፊያውን ይፈልጋል። መደገፊያውን የጨበጠ ሰው «ይህ እንጨት ይችለኝ ይሆን?» ብሎ አይጠይቅም፤ ሳይመረምር ያምነዋል። ስለዚህ መደገፊያ የሚሠራና የሚያድስ ባለሙያ ፊቱን ከማያውቀው ሰው አደራ ተቀብሏል ማለት ይቻላል። በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን የምናወጋችሁ ስለዚሁ አደራ ሲሆን፣ ነገሩን ያየነው ከሀገራችን ውጭ፣ በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ፣ ኒምራ ታላታ በተባለው ሰፈር ነው።

ጁባ ለሠራዊታችን ቤተሰቦች እንግዳ ስም አይደለችም። በተባበሩት መንግሥታት የደቡብ ሱዳን ተልእኮ ሥር ተሰልፈው በዚያች ከተማ ያገለገሉ ባሎች፣ አባቶችና እኅቶች ጥቂቶች አይደሉም። ከ2005 እ.ኤ.አ. የሰላም ስምምነት በኋላም ብዙ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ወደዚያው አቅንተው ሆቴል፣ ምግብ ቤትና ሱቅ ከፍተዋል። «ኒምራ ታላታ» በጁባ ዐረብኛ «ቁጥር ሦስት» ማለት ነው። ሰፈሩ ቁጥር እንጂ ስም ያልወጣለት ቢመስልም፣ በአንደኛው ግቢ ውስጥ የቡና ጭስ ሲሸተንና አማርኛ ስንሰማ ቤታችን የደረስን ያህል ተሰማን።

የግቢው ባለቤቶች አናጢ ባልና ቡና አፍልታ የምትሸጥ ሚስት ናቸው። አናጢው በወጣትነታቸው በውትድርና ያገለገሉ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳው የተጠጋ፣ ንግግራቸው የተቆጠበ ሰው ናቸው። በደረስንበት ሰኞ ጧት በባዶ በርሜሎች ላይ ዘጠኝ ረዣዥም እንጨቶች ተጋድመው አገኘን። የአንዲት የሞተር ጀልባ የእጅ መደገፊያዎች ናቸው። ጀልባይቱ ጭነት የምታመላልስ ሳትሆን፣ ሰዎችን በወንዙ ላይ የምታዝናና፣ ከላይ ጥላ፣ ዙሪያዋን ደግሞ የቲክ እንጨት መደገፊያ ያላት ናት።

እዚህ ላይ ስለ ወንዙ ጥቂት እንበል። በጁባ አጠገብ የሚያልፈው ነጭ ዓባይ በዚያ አካባቢ ባሕር አል ጀበል፣ ማለትም «የተራራው ወንዝ» ይባላል። ከጁባ በላይ ወደ ኒሙሌ በኩል ፏፏቴና ቋጥኝ ስለሚበዛበት ጀልባ አያስኬድም። ከጁባ በታች ግን እስከ ኮስቲ ድረስ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን የውኃ መንገድ አለ። ጋምቤላ ያደገ አንባቢ ይህ መንገድ እንግዳ አይሆንበትም። የባሮ ውኃ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆናል፤ ሶባትም በማላካል አቅራቢያ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች በክረምት ወራት ይህንኑ ተከትለው ጋምቤላ ድረስ እየመጡ ቡናችንን ይጭኑ ነበር። የጋምቤላው የእንግሊዞች የንግድ ጣቢያ ለኢትዮጵያ የተመለሰው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ የኒምራ ታላታው አናጢ የያዙት ሥራ ከሀገራችን ወንዝ ጋር ዝምድና ያለው ነው።

ወደ ነገራችን እንመለስ። የጀልባዋ ባለቤት መደገፊያዎቹን ያመጡት አንድ አደጋ ከተፈጠረ በኋላ ነበር። ባለፈው ወር ገመድ የሚያስር አንድ ወጣት ሠራተኛ መደገፊያውን ተመርኩዞ ጐንበስ ሲል እንጨቱ ከሥሩ ተነቅሎ ከነእጁ ወደ ውኃው ወሰደው። ቦታው ከዳር የቀረበ፣ ገመዱም ከእጁ ያልተለቀቀ በመሆኑ ልጁ ተረፈ። ወንዙ መካከል ቢሆን ኖሮ ወሬው ሌላ በሆነ ነበር። ባለቤቱ ግን የታያቸው የመደገፊያዎቹ መላላጥ እንጂ መበስበስ አልነበረም። ለእሑድ የሠርግ ታዳሚዎች ጀልባዋን ተከራይተዋታልና «እስከ ቅዳሜ ቫርኒሹን ደርቡበትና እንዲያብረቀርቅ አድርጉልኝ፤ የተነቀለውን በረጅም ቪቴ እሰሩት» ብለው ሄደዋል።

አናጢው ግን ብሩሽ አላነሡም። ወደ ቤት ዘልቀው የባለቤታቸውን ወስፌ ይዘው ወጡ። ባለቤታቸው የመሶብ ስፌት ጀምራ ነበርና «ወስፌዬን ለምን ፈለግኸው?» ብትል «ሐኪሙ መርፌ ስለሌለው ነው» አሏት። ከዚያም እያንዳንዱን እንጨት በተለይ በቪቴው ዙሪያና በጫፉ በኩል ቀስ እያሉ በወስፌው ወጉት። ጤነኛው ቲክ የወስፌውን ጫፍ እንኳ በቀላሉ አያስገባም። ስምንቱ እንዲህ መለሱለት። ዘጠነኛው፣ ማለትም ያ የተነቀለው፣ ከላይ ሲያዩት ከሁሉም ይልቅ ያማረ፣ ቀለሙም የደመቀ ነበር። ወስፌው ሲነካው ግን ቅቤ ውስጥ እንደገባ ያህል እስከ እጀታው ሰጠመ። ላዩ መስተዋት፣ ውስጡን ለቄስ ማለት ይኸው ነው።

አናጢው ወስፌውን ነቅለው ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «ይህን የሠራሁት እኔው ነኝ» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ያው መደገፊያ ተሰብሮ እንዲተኩት ሲታዘዙ ቸኩለውም ተቸግረውም ነበር። የቤት ኪራይ ደርሶባቸው ነበርና ከገበያ የገዙት ርካሽ የሆነ፣ ገና ካልጐለመሰ ዛፍ የተሰነጠቀ ቲክ ነው። የቲክ እንጨት ስሙ የገነነው በልቡ፣ ማለትም ወርቃማ ቡናማ ቀለም ባለው የግንዱ መካከል ነው። ይህ ክፍል የራሱ ቅባት ስላለው ውኃንም ምስጥንም በሚገባ ይቋቋማል። ከልቡ ውጭ ያለው ነጣ ያለው ክፍል ግን ይህ ቅባት ስለሌለው እንደማንኛውም ተራ እንጨት ይበሰብሳል። ወጣት ዛፍ ደግሞ ልቡ ጠባብ፣ ነጩ ብዙ ነው። አናጢው ይህን እያወቁ ነጩን እንጨት ቀለም በተቀላቀለበት ቫርኒሽ ሸፍነው ከሌሎቹ ጋር አመሳሰሉት። «አላብረቀረቀም ያለኝ ሰው አልነበረም» አሉን፤ «ክፋቱም እሱ ነው።»

በሀገሩ ጥሩ ቲክ ጠፍቶ አይደለም። ቲክ የሕንድ፣ የበርማና የታይላንድ ዛፍ ሲሆን፣ እንግሊዞች በ20ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ወደ ኢኳቶሪያ አምጥተው በዬይ አቅራቢያ እንደ ካገሉ ባሉ ቦታዎች በሰፊው አስተክለውታል። የጐለመሰ ዛፍ እንጨት በጁባ ገበያ ይገኛል፤ ዋጋው ግን ከወጣቱ ይበልጣል። ያን ጊዜ የቆጠቡት የዋጋ ልዩነት የአንድ ወጣት ሕይወት ሊያስከፍል ነበር።

በዚያ ምሽት በግቢው ውስጥ የተደረገውን ምክር ለባለትዳር አንባቢዎቻችን ብንነግር አግባብ ይመስለናል። ባልየው ለሚስታቸው እንደገለጹት ሦስት መንገድ ነበር። አንደኛው እንደታዘዙት ቫርኒሽ መደረብና ዝም ማለት ነው። ሁለተኛው እውነቱን ለጀልባዋ ባለቤት ነግሮ የአዲሱን እንጨት ዋጋ መጠየቅ ነው። ሦስተኛው ደግሞ እውነቱን ነግሮ እንጨቱን በራሳቸው ኪሳራ መተካት ነው። በቤት ያለው ገንዘብ ግን አገር ቤት አያቷ ዘንድ ለምትማረው ልጃቸው የትምህርት ቤት መመዝገቢያ እንዲሆን ሚስት ከቡናው ሽያጭ ያጠራቀመችው ብቻ ነበር።

እኅታችን ለረጅም ጊዜ መልስ አልሰጠችም። ሲኒዎቹን አጥባ ረከቦቱ ላይ ከደረደረች በኋላ «ልጁ እናት አለው?» ብላ ጠየቀች። «አለው፤ ገበያ ዓሣ የምትሸጥ ናት» አሏት። «እንግዲያስ ውሰደው። ግን ብድር ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ትመልስልኛለህ፤ የልጄን ገንዘብ አልመርቅልህም» አለች። በዚህ ንግግር ውስጥ ይቅርታም ሒሳብም አለበት። ሁለቱም በአንድ ቤት ያስፈልጋሉ እንላለን።

በማግሥቱ አናጢው ለጀልባዋ ባለቤት ሁሉንም ነገሩ። ባለቤቱ ተቆጡ፤ የሚቆጡበትም ምክንያት ነበራቸው። ይሁን እንጂ አናጢው አንድ መላ አቀረቡ፦ «ለእሑድ ጥንካሬውን እሰጥዎታለሁ። ውበቱን ግን ለሚቀጥለው ሳምንት ይተዉልኝ።» በዚሁ ተስማሙ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሥራው ለጀልባ ቢሆንም በሠፈራችን ያለውን የደረጃ መደገፊያ፣ አልጋም ሆነ ወንበር ለማደስ የሚያገለግል ትምህርት አለውና በዝርዝር እንመልከተው።

መጀመሪያ የሚታወቀው ነገር ቫርኒሽ ለምን እንደሚላላጥ ነው። ጠላቶቹ ሁለት ናቸው፤ እነርሱም ፀሐይና ውኃ ናቸው። ጁባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን አምስት ዲግሪ ያህል ብቻ ርቃ የምትገኝ በመሆኗ ፀሐይዋ ከአናት በላይ ናት። የፀሐይ ብርሃን ቫርኒሹን ዘልቆ የእንጨቱን ገጽ ሲያዳክመው፣ ቫርኒሹ የያዘው መሠረት ይለቅቃል። ከዚያም በስንጥቁ ውኃ ይገባል። የገባው ውኃ በላይኛው ሽፋን ታፍኖ መውጫ ስለሚያጣ ለብስባሽ መራቢያ ይሆናል። ስለዚህ በተላላጠ ቫርኒሽ ላይ አዲስ መደረብ በቁስል ላይ ሳያጥቡ ፋሻ እንደ መጠቅለል ነው።

በመሆኑም አሮጌው ሽፋን በስለት ተፍቆ ይወገዳል። ስለቱ በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ እንጂ አግድም አይጐተትም። ቀጥሎ የብርጭቆ ወረቀት ይመጣል። አናጢው በ80 ቁጥር ጀምረው ወደ 120፣ ከዚያም ወደ 220 አለፉ። አንዱን ቁጥር ዘለው ወደሚቀጥለው የሚሮጡ ሰዎች የሸካራው ወረቀት ጭረት ከቫርኒሽ በኋላ ጐልቶ ይታያቸዋል። በዚህ ጊዜ አፍና አፍንጫን መሸፈን ይገባል። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል አቧራው በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ጐጂ ነው። ሥራው ከቤት ውጭ መከናወን፣ አቧራውም በእርጥብ ጨርቅ መሰብሰብ አለበት።

የበሰበሰው መደገፊያ ሙሉ በሙሉ አልተጣለም። አናጢው ጤነኛውን ጫፍ አስቀርተው የቀረውን በጐለመሰ ዛፍ ልብ ቀጠሉት። ሁለቱ እንጨቶች ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው ቢጣበቁ አይዙም። ስለዚህ ሁለቱም በሰያፍ ተቆርጠው ይደራረባሉ። የሰያፉ ርዝመት የእንጨቱን ውፍረት ስምንት እጥፍ ያህል ሊሆን ይገባል፤ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው መደገፊያ 32 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ቲክ ቅባት ስላለው ኮላ እንዲይዝለት ገጹ አስቀድሞ በአሴቶን በነከረ ጨርቅ ይጠረጋል። ኢፖክሲ ኮላ ተቀብቶ በማጥበቂያ ታሰረና አንድ ሙሉ ቀን አደረ።

መደገፊያው ወደ ጀልባዋ ሲመለስ ቪቴዎቹ የማይዝጉ ዓይነት ነበሩ፤ እያንዳንዱ የቪቴ ቀዳዳም ውኃ በማያሳልፍ ማጣበቂያ ተሞላ። ያ የመጀመሪያው ብስባሽ የገባው በቪቴ ቀዳዳ ነበርና አናጢው በዚህ ላይ አልቸኮሉም። የእንጨቱ ጫፍም ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ጅማቱ እንደ ቧንቧ ተከፍቶ የሚታየው በዚያ በኩል በመሆኑ ከጐኑ ይልቅ ብዙ ውኃ ይጠጣል።

እሑድ ደረሰ። ጀልባይቱ በአበባና በጨርቅ አጊጣ ሳለ መደገፊያዎቿ ግን የፈዘዙ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በቀጭኑ ቫርኒሽ የተቀቡ ነበሩ። የጀልባዋ ባለቤት ተሸማቅቀው ለእንግዶቹ ይቅርታ ይጠይቁ ነበር። እኛ ዳር ቆመን ስንመለከት አንዲት አሮጊት ወደ ጀልባዋ ሲገቡ እግራቸው አዳለጣቸው። በሁለት እጃቸው መደገፊያውን ያዙት። እንጨቱ ንቅንቅ አላለም። አሮጊቲቱም ነገሩን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ቀሚሳቸውን አስተካክለው ሄደው ተቀመጡ። አናጢው አጠገባችን ቆመው ነበር። ምንም አልተናገሩም፤ ትንፋሻቸውን ሲለቅቁ ብቻ ሰማናቸው።

ከማግሥቱ ጀምሮ የውበቱ ሥራ ቀጠለ። የመጀመሪያው ቅብ ግማሽ በግማሽ በአኳራጅ የቀጠነ ሲሆን ዓላማው ማብረቅረቅ ሳይሆን ወደ እንጨቱ መስረግ ነው። የሚከተሉት ቅቦች እየወፈሩ ይሄዳሉ፤ ብዛታቸውም ለውጭ ሥራ ከስድስት እስከ ስምንት ይደርሳል። በቀን አንድ ቅብ ብቻ ይቀባል። በየመካከሉ በ320 ቁጥር ወረቀት በስሱ እየታሸ አቧራው ይጠረጋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

ሰዓትም ይመረጣል። ጤዛው ሳይደርቅ የተቀባ ቫርኒሽ ይደበዝዛል፤ በቀትር ፀሐይ የተቀባ ደግሞ ላዩ ቀድሞ ደርቆ አረፋ ያወጣል። አናጢው ጤዛው እንደ ደረቀ ከጧቱ 2 ሰዓት ገደማ ጀምረው ፀሐይ ሳትበረታ ብሩሻቸውን ያጥቡ ነበር። የቫርኒሹ ቆርቆሮ አይናጥም፤ ቢናጥ አረፋው በእንጨቱ ላይ ይቀራልና ቀስ ተብሎ ይማሰላል እንጂ።

በዚህ አጋጣሚ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የምናሳስበው አንድ ብርቱ ጉዳይ አለ። ብዙ ወታደሮች የጠመንጃ ሰደፍ እንጨትን በተልባ ዘይት ማሸት ከቀድሞ ጀምሮ ያውቃሉ። በቤትም ለእንጨት ዕቃ የሚጠቀሙበት አሉ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ሙቀት ይፈጥራል። በተዘረጋ ጨርቅ ላይ ሙቀቱ ይበተናል። በተጨማደደና በተከመረ ጨርቅ ውስጥ ግን ታፍኖ እየጨመረ ሄዶ፣ ክብሪት ሳይጫር፣ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ በራሱ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ዘይት ነክ በሆነ ቫርኒሽ የራሰ ጨርቅም እንዲሁ ነው። እኅታችን ይህን ስለምታውቅ ማታ ማታ የባሏን ጨርቆች ሰብስባ ውኃ በሞላ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ትነክራለች፤ ወይም አንድ በአንድ ገመድ ላይ ዘርግታ ታደርቃለች። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። በመኝታ ክፍል ጥግ፣ በአልጋ ሥር ወይም በጆንያ ውስጥ እንዲህ ያለ ጨርቅ ከቶ አይቀመጥ።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ በየሠፈራችን ብዙ መደገፊያዎች አሉ። ባል ግዳጅ ላይ ሲሆን ሚስት ሕፃን ታቅፋ የምትወጣበት ደረጃ፣ አረጋዊት እናት የሚደገፉት የበር መቃን፣ ልጆች የሚንጠላጠሉበት የሰገነት አጥር ሁሉ የአንድ ሰው እጅ የሚያምናቸው ናቸው። ለበዓል ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ወስፌ ወይም ቀጭን ምስማር ይዛችሁ በቪቴው ዙሪያ፣ በመጋጠሚያውና ከመሬት በሚነካው ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉ። ወስፌው ከሰጠመ ቀለሙ ይቆየና አስቀድሞ እንጨቱ ይለወጥ። በዓመት አንድ ጊዜ አሸት አድርጎ አንድ ወይም ሁለት ቅብ መጨመር ሙሉውን ልጦ እንደገና ከመጀመር እጅግ ይቀላል፤ ወጪውም ያንሳል።

እኛ ከጁባ ከመነሣታችን በፊት ጀልባይቱን ለመጨረሻ ጊዜ አየናት። መደገፊያዎቿ የማር ቀለም ይዘው ያብረቀርቁ ነበር። ያ ውኃ ውስጥ የወደቀው ወጣትም በተቀጠለው መደገፊያ ላይ ተደግፎ ገመድ ይጠቀልል ነበር። አናጢው የብድሩን እኩሌታ መልሰዋል። ሚስትየው ግን ሌላ ዕዳ ነበራትና ስንሰናበት እኛን ምስክር አድርጋ አነሣችው፤ «ወስፌዬ ጫፏ ጐብጧል፤ መሶቤም እንደ ተጀመረ ቀርቷል» አለች። ባልየው ከኪሳቸው አዲስ ወስፌ አወጡ። እጀታው ከተረፈው የቲክ ልብ የተቀረጸ ሲሆን ቫርኒሽ አልተቀባም።

ሚስትየው እንጨቱን በጥፍሯ ጫን ጫን አድርጋ መረመረችውና «ይሄኛው ጤነኛ ነው» ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።